ከወንዝ ዳር ሸምበቆ እስከ መማሪያ ክፍል፦ የትንፋሽ ሙዚቃ ለገጠር ተማሪ

ባሕር ዳር፦ ኅዳር 2018 ዓ.ም

የገጠር ተማሪ ለሙዚቃ እንግዳ አይደለም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከብት እየነዳ ወደ መስክ ይወርዳል፤ እዚያም ታላቅ ወንድሙ ወይም የጎረቤት ልጅ ከወንዝ ዳር ቆርጦ በጋለ ብረት በበሳው ዋሽንት ሲጫወት ይሰማል። በማግሥቱ በመማሪያ ክፍሉ ውስጥ ያንኑ ዋሽንት በጽሑፍ ያገኘዋል። የሙዚቃ መሣሪያዎች የትንፋሽ፣ የክር እና የምት ተብለው እንደሚከፈሉ በደብተሩ ይገለብጣል፤ ለፈተናም ያጠናል። ድምፁ በመስክ፣ ስሙ በክፍል ሆኖ ሁለቱ ሳይገናኙ ዓመቱ ያልቃል።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት “የክወናና እይታ ጥበባት” የሚባለው የትምህርት ዓይነት ሙዚቃን፣ ቴአትርን፣ ውዝዋዜንና ሥነ ሥዕልን በአንድነት ይዞ ለልጆች ይሰጣል። ጥበብ በትምህርት ገበታ ላይ ስፍራ ማግኘቱ መልካም እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ሥዕልን በጠመኔ ማሳየት፣ ተረትንም በቃል ማውራት ሲቻል፣ የአንድን የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ ያለ ተጫዋቹ ማስረዳት አይቻልም። መሣሪያውን ሰምቶ የማያውቅ መምህር ስለ ድምፁ የሚያስተምረው፣ ማር ቀምሶ የማያውቅ ሰው ስለ ጣፋጭነቱ የሚናገረውን ያህል ነው።

ይህን ክፍተት ሌሎች ሀገራት የሞሉበት የቆየ መንገድ አለ። ጥቂት የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች በአንድ መኪና ተሳፍረው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ በልጆቹ ፊት ይጫወታሉ፤ መሣሪያቸውን ያስነካሉ፤ ይጠየቃሉ። ጉዳዩ ለከተማ ልጆች ብቻ የተፈቀደ ቅንጦት መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገሩን ቀረብ ብሎ የመረመረ ግን መብራት ለሌለው፣ አዳራሽ ለሌለው፣ መንገዱ ለሚያስቸግር ትምህርት ቤት ከሁሉም የሚስማማው የሙዚቃ አቀራረብ ይኸው መሆኑን ይረዳል።

አምስት መሣሪያ፣ አምስት ዓይነት ድምፅ

በምዕራቡ ዓለም ከትላልቅ ኦርኬስትራዎች ጎን ለጎን ቻምበር ሙዚቃ የሚባል ዘርፍ አለ። ስሙ በቀጥታ ሲፈታ የእልፍኝ ሙዚቃ እንደማለት ነው፤ በጥቂት ሰዎች፣ ያለ መሪ፣ በአንድ ክፍል ለተሰበሰበ አነስተኛ ታዳሚ ይቀርባል። ከዚህ ዘርፍ አንዱ የትንፋሽ ኩዊንቴት ሲሆን ፍሉት፣ ኦቦ፣ ክላርኔት፣ ባሱን እና ሆርን የሚጫወቱ አምስት ባለሙያዎች ይገኙበታል። ስብስቡ መልክ የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። በፓሪስ ይኖር የነበረው የፕራግ ተወላጅ አንቶን ራይካ ብቻውን 24 ሥራዎችን ደርሶለታል። የዴንማርኩ ካርል ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1922 የደረሰው ኩዊንቴትም እስከ ዛሬ በስፋት ይቀርባል።

ለትምህርት ቤት ተመራጭ ያደረገው የአምስቱ ድምፅ አለመመሳሰሉ ነው። ፍሉት እንደ ዋሽንት ሁሉ ትንፋሽ ከጠርዙ ጋር ሲጋጭ ድምፅ ይሰጣል። ክላርኔት በአፉ ላይ አንድ ቀጭን ስንጥር ታስሮለታል፤ ትንፋሹ ስንጥሩን ሲያርገበግበው ዜማው ይወጣል። ኦቦና ባሱን ፊት ለፊት የተጣመሩ ሁለት ሁለት ስንጥሮች አሏቸው። ሆርን ደግሞ እንደ መለከት በተጫዋቹ ከንፈር መርገብገብ የሚነፋ የናስ መሣሪያ ነው። በመሆኑም አንድ ተማሪ ዐይኑን ጨፍኖ የትኛው መሣሪያ እንደተጫወተ ለመለየት ብዙ ልምምድ አያስፈልገውም።

በዚህ ውስጥ የሳይንስ ትምህርትም አለ። ባሱን ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝም ቱቦ ቢሆንም ታጥፎ ስለተሠራ በአንድ ሰው እቅፍ ይያዛል። ተጠቅልሎ የሚታየው የሆርን ቱቦ ቢዘረጋ ከሦስት ሜትር ተኩል ይበልጣል። ቱቦው በረዘመ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል። በትምህርት ቤቶች ዝግጅት የሚያቀርቡ የሆርን ተጫዋቾች ይህን ለማስረዳት የመሣሪያቸውን አፍ በተራ የውኃ ቱቦ ጫፍ ላይ ሰክተው ይነፉታል፤ ቱቦውም ዜማ ያወጣል። በመስኖ የሚያለማ አርሶ አደር ልጅ ያንን ቱቦ በየዕለቱ ያየዋል። ሙዚቃ ሲወጣበት ያየ ዕለት ግን ስለ ድምፅ ሞገድ የተማረው ነገር ከአእምሮው አይጠፋም።

ለገጠር ልጅ ከዚህም የቀረበ ነገር አለ። የኦቦ፣ የክላርኔትና የባሱን ስንጥር የሚሠራው በሳይንሳዊ ስሙ አሩንዶ ዶናክስ ከሚባል ተክል ነው። እኛ ሸምበቆ እንለዋለን። በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ በቫር አካባቢ የሚበቅለው በዚህ አገልግሎቱ የታወቀ ነው፤ በሁለተኛ ዓመቱ፣ በብርዱ ወራት ይቆረጣል፤ ከዚያም በጥንቃቄ ለረጅም ጊዜ ይደርቃል። በእኛ ወንዝ ዳር የሚበቅለው ሸምበቆ አፈር ይይዛል፣ ለአጥርና ለጣሪያ ይውላል፣ ዋሽንትም ይሆናል። በአዊ ደጋማ ወረዳዎች በስፋት የሚገኘው ቀርከሃም ለዋሽንት መሥሪያ ያገለግላል። በአውሮፓ አዳራሽ የሚነፋው ክላርኔትና በእረኛ አፍ የሚዜመው ዋሽንት በአንድ ተክል የተዛመዱ መሆናቸውን የሚነግረው ሰው ያገኘ ተማሪ፣ ክላርኔትን እንደ ባዕድ፣ ዋሽንቱንም እንደ ተራ ነገር አያይም።

ትንሽ ቡድን ለምን ይበጃል?

በርካታ የገጠር ትምህርት ቤቶቻችን የኤሌክትሪክ ኃይል የላቸውም። ሚኒ ሚዲያ ክበብ ያላቸውም ቢሆኑ ድምፅ ማጉያው ሲበላሽ ወይም ባትሪው ሲያልቅ ዝም ይላሉ። ፒያኖ በጭቃ መንገድ አይጓጓዝም። ኦርኬስትራ ማለት ብዙ አውቶቡስ፣ ሰፊ መድረክና ከፍተኛ አበል ማለት ነው። የትንፋሽ ቡድን ግን መሣሪያውን በእቅፉ ይዞ ይመጣል፤ መብራት አይጠይቅም፤ ማይክሮፎን አያስፈልገውም፤ አምስት ወንበር ካገኘ ሥራውን ይጀምራል።

ለልጆች የሚሆን ሥራም አይቸግርም። ሩሲያዊው ሰርጌይ ፕሮኮፊየቭ እ.ኤ.አ. በ1936 ለሞስኮ የሕፃናት ቴአትር የደረሰው “ጴጥሮስና ተኩላው” እያንዳንዱን የተረት ገጸ ባሕርይ በአንድ የሙዚቃ መሣሪያ ይወክላል። ፍሉት ወፏ፣ ኦቦ ዳክዬዋ፣ ክላርኔት ድመቷ፣ ባሱን አያቱ፣ ሆርን ደግሞ ተኩላው ናቸው። አምስቱም የኩዊንቴቱ መሣሪያዎች ናቸው፤ በመሆኑም ሥራው ለትንፋሽ ኩዊንቴትና ለአንድ ተራኪ እየተቀናበረ ይቀርባል። የእኛ ልጆች ተኩላን በፊልም ባያዩትም ጅብን በሌሊት ድምፁ ያውቁታል። የጅብና የአህያ፣ የጦጣና የአንበሳ ተረቶቻችን በዚሁ አኳኋን ቢቀናበሩ “ተረት ተረት” ሲባል “የላም በረት” ብሎ የሚመልስ ታዳሚ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል።

እርግጥ ነው፣ ችግር የለበትም ማለት አይደለም። ያለ ድምፅ ማጉያ የሚቀርብ ሙዚቃ በሰልፍ ሜዳ ላይ ለቆመ አንድ ሺህ ተማሪ አይበቃም፤ ነፋስ ይወስደዋል። መቶ ወይም መቶ ሃምሳ ተማሪ በቅርበት ተቀምጦ፣ ከተጫዋቾቹ ጀርባ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ ኖሮ፣ ዝግጅቱ በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደገም ይሻላል። ከእንጨት የተሠሩ መሣሪያዎች በደጋ ማለዳ ብርድና በቀትር ፀሐይ መካከል በድንገት ሲለዋወጡ ይሰነጠቃሉ። በከፍተኛ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ የኦቦ ተጫዋቾች ስንጥራቸውን እንደገና ማስተካከል ይኖርባቸዋል። ጉዳዩን የሚያቅድ ሰው እነዚህን አስቀድሞ ሊያውቃቸው ይገባል።

ሌሎች ምን አደረጉ?

በአሜሪካ ያንግ ኦዲየንስስ የተባለው እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በ1950 በባልቲሞር ሲጀመር ዓላማው ሙያተኛ ሙዚቀኞችን ከልጆች ጋር ፊት ለፊት ማገናኘት ነበር። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1977 በታዋቂው ቫዮሊን ተጫዋች የሁዲ ሜኑሂን እና በኢያን ስቱትዝከር የተመሠረተው ላይቭ ሚዩዚክ ናው በሙያቸው መጀመሪያ ላይ ያሉ ወጣት ሙዚቀኞችን እየከፈለ ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆች ወደሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶችና ወደ አረጋውያን መኖሪያዎች ይልካል። በዚህ አሠራር ሁለት ወገን ይጠቀማል። ልጆቹ ሙዚቃውን ያገኛሉ፤ ወጣቱ ሙዚቀኛም ሥራና ልምድ ያገኛል።

ለገጠር ጉዳይ ከሁሉም የሚቀርበው የኖርዌይ ተሞክሮ ነው። ሀገሪቱ በተራራና በባሕር ሰርጥ የተከፋፈለች፣ ከከተሞቿ ውጭ ያለው ሕዝቧም ተበታትኖ የሚኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሪክስኮንሰርተነ የተባለ የመንግሥት የኮንሰርት ተቋም ተመሠረተ፤ ዓላማው ሙዚቃን ከመዲናዋ አውጥቶ በመላ ሀገሪቱ ማዳረስ ነበር፤ ትምህርት ቤቶችም ዋነኛ መዳረሻዎቹ ሆኑ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ደግሞ “የባህል የትምህርት ቤት ቦርሳ” የሚል ትርጉም ያለው ሀገር አቀፍ መርሐ ግብር ተዘርግቶ ተማሪዎች ሙያዊ የጥበብ ሥራዎችን በትምህርት ቤታቸው እንዲያገኙ ተደርጓል። ገንዘቡ የሚገኘው ከመንግሥታዊው የሎተሪ ድርጅት ትርፍ ነው። ከዚህ የሚወሰደው ዋናው ትምህርት የገንዘቡ ብዛት አይደለም፤ ኖርዌይ ባለጸጋ ናት፣ እኛ አይደለንም። ትምህርቱ ሙዚቃው ወደ ተማሪው የሚሄደው በአንድ በጎ አድራጊ ፈቃድ ወይም በአንድ በዓል ምክንያት ሳይሆን በየዓመቱ በሚታወቅ የገንዘብ ምንጭና በሚታወቅ ኃላፊነት መሆኑ ነው።

ሌላው ሊጠቀስ የሚገባው ኢማኒ ዊንድስ ነው። ይህ የትንፋሽ ኩዊንቴት እ.ኤ.አ. በ1997 በፍሉት ተጫዋቿና ደራሲዋ ቫለሪ ኮልማን ተመሠረተ። ስሙ በስዋሂሊ “እምነት” ማለት ነው፤ የቡድኑ መታወቂያ የሆነው የኮልማን ሥራም “ኡሞጃ” ይባላል፤ በዚያው ቋንቋ “አንድነት” ማለት ነው። ቡድኑ በመድረክ ከሚያቀርበው ባሻገር ወጣቶችን በማስተማር ይታወቃል። የአውሮፓ ነው በሚባል ስብስብ ውስጥ ጥቁርና ላቲኖ ሙዚቀኞች ተቀምጠው፣ አፍሪካዊ ምት ያለበትን ሥራ ሲጫወቱ ያየ ልጅ “ይህ የእኔም ነው” ለማለት ይደፍራል። መሣሪያው የማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው በሚጫወተው ሰውና በሚጫወተው ዜማ ላይ ነው።

ጥቅሙ ምንድን ነው ለሚለውም በልክ መናገር ያሻል። ሙዚቃ መስማት ልጅን በሒሳብ ጎበዝ ያደርጋል የሚለው ወሬ ከማስረጃው በላይ ተጋንኗል። የተሻለ ማስረጃ የተገኘው በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ ነው። በዚያ 42 ትምህርት ቤቶችንና ከ10 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተተ፣ ትምህርት ቤቶቹን በዕጣ የለየ ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ከጥበብ ተቋማትና ከሙያተኞች ጋር የተገናኙት ተማሪዎች የሥነ ሥርዓት ጥሰታቸው በ3 ነጥብ 6 መቶኛ ነጥብ ቀንሷል፤ የጽሑፍ ፈተና ውጤታቸውና ለሌሎች ያላቸው ርኅራኄም ተሻሽሏል። ሂዩስተን የእኛ ገጠር አይደለችም፤ ጥናቱም ሙዚቃን ብቻ የተመለከተ አይደለም። ቢሆንም ጥበብ የትምህርት ጊዜን ያባክናል ለሚለው ሥጋት ጥሩ መልስ ይሰጣል።

በእኛ ዘንድ ነፋሱ የነፈሰበት አቅጣጫ

የውጭው የትንፋሽ መሣሪያ ወደ ሀገራችን የገባው በቤተ መንግሥትና በሠራዊት በር ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የናስ መሣሪያዎች መጡ። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ መኮንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች አዲስ አበባ ገብተው “አርባ ልጆች” የሚል ስም ያተረፈውን ባንድ መሠረቱ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ከዚያም የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶች ተከተሉ። የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ከእነዚህ ቢወለድም፣ ነፋሱ ለሰልፍና ለክብር ነፈሰ እንጂ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት አልዘለቀም።

ሁለቱን ዓለማት ለማገናኘት የሞከሩ አልጠፉም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ ከታወቁባቸው ድርሰቶች አንዱ “እረኛው ዋሽንተኛ” የሚል ነው። በውጭ ሀገር የተማሩ የሙዚቃ ሊቅ ለኦርኬስትራ ሲደርሱ መነሻ ያደረጉት የእረኛን ዋሽንት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በአንጻሩ የራሳችን የትንፋሽ ስብስብ ከእነዚህ ሁሉ ይቀድማል። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች እምቢልታ በሦስት ሰዎች ይነፋል። የጣት ቀዳዳ የለውም፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ጥቂት ድምፆችን ብቻ ያወጣል፤ ዜማው የሚሞላው ሦስቱ እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። ማንም ብቻውን ዜማውን አይጨርሰውም። በደቡብ የድራሼ ማኅበረሰብ ፊላም በዚሁ የመቀባበል ሥርዓት ላይ የቆመ ነው። የእልፍኝ ሙዚቃ ጠባይ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ አንዱ ለሌላው እየሰማ፣ ተራውን እየጠበቀ ይጫወታል። ለአንድ የመማሪያ ክፍል ከዚህ የተሻለ የትብብር ትምህርት ማግኘት ያዳግታል።

ሕያው መምህርን ፊት ለፊት ሰምቶ ዜማ መማርም ለክልላችን አዲስ አይደለም። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ዘመናት ያስቆጠሩት መምህሩ እያዜመ ደቀ መዝሙሩ እየተቀበለ ነው። የወሎ መንዙማም ከአፍ ወደ ጆሮ ተላልፎ ዛሬ ደርሷል። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ ከወሎ ምድር ነው። ይህን ሁሉ ሀብት የያዘ ክልል ለልጆቹ ሙዚቃን ያለ ድምፅ ማስተማሩ የሚያስቆጭ ነው።

በደርግ ዘመን የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ እና የጎጃሙ ግሽ ዓባይ የኪነት ቡድኖች ዝናቸው የናኘ ነበር። ዓላማቸው ከዘመኑ የፖለቲካ ቅስቀሳ ጋር የተሳሰረ ስለነበር እንዳለ ይመለስ የሚባል አይደለም። ነገር ግን በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሕዝብ ዘንድ የሚደርስ ቡድን በዚህ ክልል መሬት ላይ ሊሠራ እንደሚችል አሳይተው አልፈዋል።

“መጀመሪያ ወንበር” የሚለው ጥያቄ

ይህን ሐሳብ የሚሰማ ርእሰ መምህር የመጀመሪያ መልሱ የሚታወቅ ነው። “ተማሪዎቼ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው የሚማሩት፤ መጽሐፍ ለሦስት ነው የሚደርሳቸው፤ እናንተ ስለ ኦቦ ታወራላችሁ” ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ በኋላ በቀጠለው ግጭት የወደሙና የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆችን መመለስ የክልሉ ቀዳሚ ጉዳይ መሆኑ አያከራክርም። ወንበርና ሙዚቃ ይወዳደሩ ከተባለ ወንበር ያሸንፋል።

ነገር ግን ሁለቱ የሚወዳደሩት በአንድ በጀት ላይ ከተቀመጡ ነው። የትንፋሽ ቡድን ዋነኛ ወጪ ደመወዝ፣ አበልና ነዳጅ ነው፤ ለሕንፃ ግንባታ ከሚወጣው ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ከዚህም በላይ መታሰብ ያለበት የልጆቹ ጉዳይ አለ። የተኩስ ድምፅ የለመደ ጆሮ፣ ድንገተኛ ድምፅ በሰማ ቁጥር የሚደነግጥ ልጅ በክልላችን ጥቂት አይደለም። አንድ የሙዚቃ ዝግጅት የልብ ስብራትን ይጠግናል ማለት ድፍረት ይሆናል። ሆኖም ትምህርት ቤት ልጅ የሚመለስበት ስፍራ እንዲሆን ከተፈለገ፣ ወደዚያ የሚስበው ነገር ያስፈልገዋል። ምገባ የልጁን ሆድ አስቦ ወደ ትምህርት ቤት እንዳመጣው ሁሉ፣ ጆሮውንና ልቡን የሚያስብ ነገርም ቦታ አለው።

ሌላው እንቅፋት ከበጀት ይልቅ ከአመለካከት ይመነጫል። ሙዚቀኛን “አዝማሪ” ብሎ ማቃለል ገና ከመካከላችን አልጠፋም። በትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ ዋሽንት ይዞ የተገኘ ልጅ ሥራ ፈት ተደርጎ መታየቱም የተለመደ ነው። አንድ ዋሽንተኛ በርእሰ መምህሩ ጋባዥነት፣ በመምህር ክብር ወደ ክፍል ሲገባ ግን ያ አመለካከት ያለ ስብከት ይለወጣል። ተማሪው በኪሱ የደበቀውን ዋሽንት አውጥቶ ያሳያል።

ከሠርቶ ማሳያ መማር

የግብርና ኤክስቴንሽን ሥራን የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። አርሶ አደር ስለ ምርጥ ዘር በቃል ቢነገረው ያዳምጣል፤ የሚያምነው ግን በሠርቶ ማሳያው መሬት ላይ ሰብሉን ሲያይ ነው። ለዚህም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በየቀበሌው ተመድቧል፤ ዘሩ፣ ማዳበሪያውና የመስክ ቀኑ በዕቅድ ይያዛሉ። ለሙዚቃ ትምህርት የጎደለው ይኸው ሠርቶ ማሳያ ነው። መጽሐፉ ምክረ ሐሳቡ ነው፤ ተጫዋቹ ደግሞ ሰብሉ።

የሚጀመረው ከአውሮፓው አምስት መሣሪያ መሆን የለበትም። የባለሙያ ባሱን ዋጋው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ተጫዋች ማግኘቱም ቀላል አይደለም። ሁለት ዋሽንት፣ አንድ ፍሉት፣ አንድ ክላርኔት እና አንድ መለከት ወይም ትራምፔት የያዘ ቡድን የትንፋሽ ኩዊንቴትን መርሕ ያሟላል። አምስት የተለያየ ድምፅ፣ አምስት የሚደማመጡ ሰዎች ይኖሩታል። ዋሽንት በአንድ ርዝመት ሁሉንም ቅኝት ስለማይሸፍን ተጫዋቹ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ይዞ ይመጣል፤ ይህም ራሱ ስለ ቱቦ ርዝመትና ስለ ድምፅ ቅጥነት ለማስተማር ያገለግላል።

ለማዳረስ የሚሆን መዋቅርም አለ። ትምህርት ቤቶቻችን በጉድኝት ማዕከላት የተሰባሰቡ ናቸው። አንድ ቡድን በቀን ሁለት ትምህርት ቤት፣ በሳምንት አራት ቀን ቢሠራ በሳምንት ስምንት ትምህርት ቤት ይጎበኛል ብለን እንውሰድ። በ30 የትምህርት ሳምንታት 240 ጉብኝት ይሆናል። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በዓመት ሦስት ጊዜ ይጎብኝ ከተባለ አንድ ቡድን 80 ትምህርት ቤቶችን ያዳርሳል። ሦስት ጊዜ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያው ጉብኝት መተዋወቂያ፣ ሁለተኛው መማሪያ፣ ሦስተኛው ደግሞ ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚጫወቱበት ይሆናል። አንድ ጊዜ መጥቶ የሚሄድ ቡድን የሚተወው ትዝታ ብቻ ነው።

መርሐ ግብሩ የገጠርን የሥራ ወቅት ማክበር ይኖርበታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰብል ሲሰበሰብ ብዙ ልጆች ከክፍል ይቀራሉ፤ በዚያን ጊዜ የሚደረግ ዝግጅት ከፊሎቹን አያገኛቸውም። ጥቅምት፣ ከዚያም ከጥር እስከ ግንቦት ያሉት ወራት ይሻላሉ። የዓመቱ መዝጊያ የወላጆች በዓል ደግሞ ልጆቹ የተማሩትን ለወላጆቻቸው የሚያሳዩበት መድረክ ይሆናል።

ከጉብኝቱ በፊትና በኋላ የሚሠራው መምህሩ ነው። በክልሉ የሚገኙ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች የጥበባት መምህራንን ሲያሠለጥኑ ቢያንስ ዋሽንት መጫወት እንዲችሉ ቢያደርጉ፣ ቡድኑ ሲሄድ ሥራው አይቆምም። የክልልና የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያዎችም ዝግጅቶቹን ቀርጸው በትምህርት ሰዓት ቢያስተላልፉ ተራው ላልደረሰው ትምህርት ቤት ማካካሻ ይሆናል። ይህ እኛንም የመገናኛ ብዙኃን ባለሙያዎችን የሚመለከት ነው።

የሚቀረው ጥያቄ “ኃላፊው ማን ነው?” የሚለው ነው። ትምህርት ቢሮ ሥርዓተ ትምህርቱን፣ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ የባህል ቡድኖችን፣ ኮሌጆች ሥልጠናውን ይዘዋል። ሦስቱም ድርሻ ስላላቸው ማንም ባለቤት ሳይሆን ሊቀር ይችላል። የኖርዌይ ትምህርት እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ የሚታወቅ ኃላፊና የሚታወቅ የበጀት መስመር ከሌለ የሙዚቃ ጉብኝት በበዓል ሰሞን የሚታይ ነገር ሆኖ ይቀራል። ሁሉንም ወረዳ በአንድ ጊዜ መጀመርም አያስፈልግም። ሰላሙ በሚፈቅድ አንድ ወረዳ፣ በአንድ ቡድን፣ ለአንድ ዓመት ቢሞከርና ውጤቱ በሐቀኝነት ቢመዘን ለቀጣዩ በቂ መነሻ ይሆናል።

ሸምበቆው በወንዝ ዳር አለ። ቀርከሃው በደጋው አለ። ዋሽንተኛው በየመንደሩ፣ በሙዚቃ የሠለጠነው ወጣትም በከተማ ሥራ እየፈለገ ይገኛል። ተማሪውም ነገ ጠዋት “የትንፋሽ መሣሪያዎችን ዘርዝር” የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። መልሱን በጽሑፍ ሳይሆን ከኪሱ አውጥቶ በትንፋሹ እንዲመልስ የሚፈቅድለት ትምህርት ቤት መሥራት ግን የእኛ የአዋቂዎቹ የቤት ሥራ ነው።